እናቴ በፊልም ላይ ሰይጣንን የካደች ዕለት

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ትዳሬ ሊፈርስ ነበር፤ ያውም ገና ሳይመሠረት። ምክንያቱ የመሬት ክርክር ወይም ሌላ ሴት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት ነበር። ምክንያቱ አንድ ፊልም ነው። ሰዎች ስለ ፊልም ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ያ ኅዳር ትዝ ይለኛል።

እኔ ታች ጋይንት ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምኖረው አርብ ገበያ ነው። እናቴ እትዬ ዝማም ግን ከከተማው ወጣ ባለው መንደራችን ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እሷ ያላት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ፊልም እወዳለሁ። የአገሬን ፊልም የማየው ግን ብዙ ጊዜ እየተናደድኩ ነው፤ በተለይ ክርስቲያን ሲያሳዩ። በፊልም ላይ ምእመን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለቅሳል። ሌላው ጠዋት ሲሰግድ አርፍዶ ማታ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል። ከቅዳሴ መልስ በበሬ ዋጋ የሚጨቃጨቅ፣ ጾሙ ረዘመ ብሎ የሚያጉረመርም፣ በቄሱ ስብከት ርዝመት የሚቀልድ ምእመን አይታይም። እኔ የማውቃቸው ደግሞ እንዲህ ያሉትን ነው። የእናቴ ማኅበርተኞች በማርያም ዝክር ላይ ሲስቁ ወንዝ ማዶ ይሰማል።

የፊልም ሠሪዎቹ ወደ እኛ አገር ሲመጡ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። በሥራዬ የማላውቀው መንደር ስለሌለ ሰዎች እኔን አገናኟቸው። ስለዚህ ጣጣውን በገዛ እጄ ነው የጠራሁት፤ ማንንም አልወቅስም።

የሚፈልጉት ድንጋይ ቤት ያለበት፣ መብራት ያልገባበት መንደር ነበር። ወደ መንደራችን ወሰድኳቸው። ከሚቀርጹት አንዱ የክርስትና ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅረጽ አልተፈቀደላቸውም፤ ደግም ተደረገ። ስለዚህ አንድ ባዶ የድንጋይ ቤት አጽድተው፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ሰታቴ በነጠላ ሸፍነው መጠመቂያ አደረጉት። ቄሱ ጢም የተለጠፈለት የከተማ ተዋናይ ነው። የቀረው ሕፃን ነበር።

ሕፃኗን ያገኘሁላቸውም እኔ ነኝ። የመንደራችን ሰው የሆኑት አያ ደሴ የመጨረሻ ልጅ ነበረቻቸው፤ ብርቱካን ትባላለች። ክርስትና ተነስታ ወራት ቆይታለች። የአያ ደሴ ትልቋ ልጅ ደግሞ እናኑ ናት። ያኔ እናኑን ማየት ጀምሬ ነበር፤ እዚያ ቤት ለመመላለስ ሰበብ ማግኘቴን አልጠላሁትም። ሕፃኗን ታቅፋ የመጣችውም ራሷ እናኑ ናት።

የቀረጻው ዕለት የክርስትና እናት ሆና የምትሠራው ተዋናይ መንገዱ አሟት ደብረ ታቦር ቀረች። አዘጋጁ ትሑት ወጣት ነበር። ለማየት ከተሰበሰቡት ሴቶች መሐል ዓይኑን ሲያዟዙር እናቴ ላይ አረፈ። "እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሕፃኗን ይያዙልን" አላት። ጎረቤቶቿ እየሳቁ ገፏት። እናቴ ያለወትሮዋ ዝም ብላ ገባች።

ካሜራው የተተከለው በሩ ላይ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በዚያ ይገባል። አዘጋጁ ወደ ካሜራው እያየች "ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ" እንድትል ነገራት። እናቴ ሕፃኗን እንደያዘች በሩን አየች።

"ይኼ ምሥራቅ ነው፣ ልጄ" አለችው። "ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሰይጣንን የሚክድ ማን አለ? ሰይጣን የሚካደው ወደ ምዕራብ ተዙሮ ነው። ወደዚህ ተዙሮ የሚታመነው በጌታ ነው።"

አዘጋጁ ፊቷ ካልታየ ዋጋ እንደሌለው ለማስረዳት ሞከረ። እሷ ግን ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠጋች፤ ለግድግዳው ተናገረች። "ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ አረፈ። "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ አምናለሁ" ስትል እንባዋ ይወርድ ነበር። ጢም የተለጠፈለት ተዋናይ ቀጥሎ የሚለው ጠፋበት።

ሲጨርሱ የፊልም ሰዎቹ አጨበጨቡ። እናቴ ሕፃኗን ለእናኑ መለሰች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ማንንም ሳታናግር ወደ ቤቷ ሄደች። ፀሐዩ አድክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ዓመት አለፈ። ወደ አያ ደሴ ሽማግሌ ላክሁ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረና የሚነካካ ጠፋ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ በጥር እንዲሆን ተቆረጠ። እናቴ ጌሾ መግዛት ጀምራለች። ፊልሙ የወጣው ይኼን ጊዜ ነው።

አርብ ገበያ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቱ ፊልሙን በፍላሽ አስገልብጦ አመጣና ልክ በገበያው ቀን "የእኛ አገር ፊልም" ብሎ ከፈተው። ገበያተኛው አህያውን ደጅ አስሮ ገባ። አያ ደሴም ገብስ ሸጠው መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ።

ታሪኩ ስለ አንዲት ሐኪም ነው። ሐኪሟ ወደ ገጠር ትመጣለች፤ መንደርተኛው የታመመች ሕፃን ወደ ሕክምና አትሄድም ብሎ ጠበል ለጠበል ያንከራትታታል፤ ቄሱ ሰዉን በግዝት ያስፈራራል፤ ሕፃኗ ትሞታለች። እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም፤ እኔም በላም ክትባት ስንቱን ስለምን ውዬ አውቃለሁ። ነገር ግን እንደ ፊልሙ ሁሉም ሰው አንድ ላይ አንገቱን አይደፋም። እኛ ጋ ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ጤና ጣቢያ ነው። ሰው ከሁለቱም ጋር እየተጣላ ይድናል።

ተመልካቹ ግን ስለ ታሪኩ ግድ አልነበረውም። ስሕተት ለቀማ ላይ ነበር። የፊልሙ ቄስ መስቀሉን በግራ እጁ ይዞ ሲባርክ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዐቢይ ጾም አንዲት ሴት ለእንግዳ ወተት ስትቀዳ "ጾሙን ማን ፈታላት?" የሚል ተነሳ። ኢብራሂም የሚባል የጨርቅ ነጋዴ "እኔ እስላሙ እንኳ ያወቅሁትን እነሱ እንዴት ጠፋቸው?" ሲል ከሁሉም በላይ የሳቁት አያ ደሴ ናቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ነበር።

ከዚያ እናቴ መጣች።

መጀመሪያ ጀርባዋ ታየ። ድምጿ ተሰማ። ከዚያ ስትዞር ያ ፊቷ ቴሌቪዥኑን ሞላው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "አሜን" አሉ። ማንም አልሳቀባቸውም። ፊልም ሠሪዎቹ ግን ያንን ፊት መጨረሻ ላይ፣ ሕፃኗ ስትሞት፣ በኀዘን ሙዚቃ አጅበው ደገሙት። ሞኝ እምነት ልጅ ገደለ ለማለት ነው። እኔ በዚህ ደሜ ፈላ። አያ ደሴ ግን እዚያ ድረስ አልቆዩም። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጥተው ነበር።

በማግሥቱ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ ሰውዬ መጡ። ፊታቸውን ሳየው ደነገጥኩ።

"አያ ደሴ ሠርጉ ይቅር ብለዋል" አሉኝ። "አበልጅ ሆነናል ነው የሚሉ። እናትህ ብርቱካንን ታቅፋ ሰይጣንን ስትክድላት አይቻለሁ ይላሉ። የክርስትና እናት ልጅ የክርስትና ልጇን እህት አያገባም፤ እህቱ ናት።"

መጀመሪያ ሳቅሁ። እሳቸው ሳይስቁ ሲቀሩ ነው የገባኝ። በቀጥታ ወደ አያ ደሴ አውድማ ሄድኩ። ገብስ እያበራዩ ነበር።

"አያ ደሴ፣ ፊልም እኮ ነው" አልኳቸው። "ሰውዬው ቄስ አይደለ። ውሃውም የምንጭ ውሃ ነው። ብርቱካንም ክርስትና ተነስታለች፤ የክርስትና እናቷም ጎረቤትዎ ናት።"

"ጥምቀት አንድ መሆኑን ለእኔ አትነግረኝም" አሉ በሬዎቹን እየነዱ። "በየሰንበቱ 'በአንዲት ጥምቀት እናምናለን' እያልኩ ነው የማስቀድስ። እኔ ስለ ውሃው አይደለም። ቃሉስ? ከአፍ የወጣ ቃል ወዴት ይሄዳል?"

"ትወና ነዋ!"

በሬዎቹን አቆሙ። "እንግዲያ ነገሩ ቀላል ነው። እናትህን ጠይቃት። 'አስመስዬ ነው ያልኩ' ካለች ልጄን ውሰድ፤ ጥርንም አትጠብቅ። እትዬ ዝማም ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ያለችውን አምናለሁ።"

እናኑ ከቤቱ ጓሮ ትሰማ ነበር። በዓይኗ "ሂድ" አለችኝ። እኔም ቀለል ብሎኝ እየፎጨሁ ሄድኩ። አንድ ቃል ምን ያቅታል?

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። "እማ፣ አስመስዬ ነው በይ፤ ያልቃል" አልኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። "ሰይጣንን አስመስዬ ነው የካድኩት ልበል?"

"ፊልም ስለሆነ ነው እንጂ..."

"በጌታ አምናለሁ ያልኩትንስ? እሱንም አስመስዬ ነው ልበል?"

ቀና ብላ አየችኝና ቀጠለች፤ "ልጄ፣ ለአንተ ያልሆንኩት የለም። ይኼን ግን አልችልም። ከልቤ ነው ያልኩት።"

ተናደድኩ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኩ፤ እኔ ሳላገባ ብቀር ይሻልሻል ወይ ብያታለሁ። እሷ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ከእናቴ ጋር ያን ያህል ተጣልቼ አላውቅም። ያስቀኝ የነበረው ነገር፣ ያ የግራ እጅ ቄስ፣ ያ ወተት፣ ሁሉም ጠላቴ መሰለኝ።

እናኑ ከእኔ ይልቅ ልባም ነበረች። በሰው በኩል ተገናኘን። ሆድ ብሶኝ "እናቴ እንቢ አለች" ስላት ትቆጣለች ብዬ ነበር። "እኔም እሷን ብሆን እንቢ እል ነበር" አለችኝ። "እናትህን አስዋሽተህ አታገባኝም። ይልቅ ቄስ ሞላ ዘንድ እንቅረብ። ወይ ይፍቱን፣ ወይ ቁርጡን ይንገሩን።" ይኼን ስትል ፊቷን ከእኔ አዞረች። ቁርጡን እንደምትፈራ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ቄስ ሞላ የእናቴም የአያ ደሴም የንስሐ አባት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ውስጥ ጠሩን። እናቴ በአንድ በኩል፣ አያ ደሴ በሌላ በኩል፣ እኔና እናኑ በሩ አጠገብ ተቀመጥን። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። እኔም አላየኋትም።

አያ ደሴ ጉዳያቸውን ተናገሩ። ቄስ ሞላ ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙ።

"ፊልሙን በዲያቆኑ ስልክ አይቼዋለሁ" አሉ። "ብዙው ውሸት ነው። ደሴ፣ ያ ውሃ ጥምቀት አይደለም፤ በዚህ አንከራከርም።"

"አልተከራከርኩም፣ አባቴ። እኔ ስለ ቃሉ ነው።"

"እሱን ነው የምጠይቅ።" ወደ እናቴ ዞሩ። "ዝማም፣ የክርስትና እናት ለራሷ አትክድም። አፍ ስለሌላት ሕፃን ሆና ነው የምትክድ። አንቺ ያን ቀን ስለ ማን ሆነሽ ነው የካድሽው? ስለ ብርቱካን ነው?"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ በልቤ "ስለ ራሴ ነው በይ፣ ስለ ራሴ ነው በይ" እላለሁ። አያ ደሴ አንገታቸውን አቀርቅረው ይጠብቃሉ። እናኑ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

"ስለ ብርቱካን አይደለም" አለች እናቴ በመጨረሻ። "ስለ ልጄ ነው።"

"ስለዚህኛው ልጅሽ ነው?" አሉ ቄስ ሞላ ወደ እኔ እያመለከቱ።

"ስለ ሴቷ።"

ሴት ልጅ የላትም። ይኼን ልል አፌን ስከፍት እናቴ መናገር ጀምራ ነበር። ቀስ እያለች፣ መሬት መሬት እያየች ነው የተናገረችው።

ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች። ክረምት ነበር። ልጅቷ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀን ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ታመመች። አባቴ ካህን ፍለጋ ሮጠ። ካህኑ ግን ለቀብር ወንዝ ተሻግረው ሄደው ነበር፤ በላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ሞላ። አባቴ ከዚህ ማዶ፣ ካህኑ ከዚያ ማዶ ቆመው ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። ሲጎድል ካህኑ ተሻገሩ። ልጅቷ ግን አልጠበቀችም።

"እንኳን ክርስትና፣ ስምም አልወጣላት" አለች እናቴ። "እኔም ሰማንያዬን ያልጨረስኩ አራስ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ እንኳ የማለቅስበት አልነበረኝ። አባትህ 'ሌላ እንወልዳለን፣ አታንሺው' አለኝ። አላነሳሁትም።"

አሁን ወደ እኔ ነበር የምታየው።

"ያን ቀን የሰው ልጅ ደረቴ ላይ አድርገው 'ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ በይ' አሉኝ። አባቴ፣ እኔ የፊልም ነገር አላውቅም። ስንት ዘመን በልቤ የኖረውን በይ ሲሉኝ አልኩት። ብርቱካንን ማቀፌንም ረስቼው ነበር። ኃጢአት ከሆነ ንስሐ ይስጡኝ። አስመስዬ ነው ማለቱን ግን አይዘዙኝ።"

እናኑ ታለቅሳለች። እኔ እንኳ እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ አልሆነልኝም።

እናቴ እንደገና ወደ ቄስ ሞላ ዞረች። "ተሰምቶልኝ ይሆን፣ አባቴ?"

"እኔ ቄስ ነኝ እንጂ ፈራጅ አይደለሁም" አሉ ቄስ ሞላ። "የሌለኝን ሥልጣን ይዤ አዎ አልልሽም። ግን ያ ሁሉ ውሸት ባለበት ፊልም ውስጥ አንቺ ስትዞሪ ሳይ አማትቤያለሁ። እኔ ኃጢአተኛው የሰማሁትን የፈጠራት አይሰማውም አልልም።" መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት።

አያ ደሴ ተነሱ። የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብለው የእናቴን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ ከለከለቻቸው።

"አላወቅሁም፣ እትዬ ዝማም። ይቅር በይኝ" አሉ። ከዚያ እናኑን በእጃቸው ጠሩና እናቴ አጠገብ አስቀመጧት። "እንግዲህ ይቺን ውሰጅ። ስሟ እናኑ ነው።"

በጥር ተጋባን። ሠርጉ እንደ ማንኛውም ሠርግ ነበር፤ ጠላው ቀጠነ ያሉ ነበሩ፣ ሚዜዎቼም ሰክረው አስቸግረዋል። ምግብ ቤቱ አሁንም ያንን ፊልም አልፎ አልፎ ይከፍተዋል። ሰዉ አሁንም በቄሱ ግራ እጅ ይስቃል። እናቴ ግን አንድም ቀን አላየችውም። በስልኬ ላሳይሽ ብላት "ምኑን? እዚያው ነበርኩ እኮ" አለችኝ።

እኔም በፊልም ሠሪዎቹ ላይ የነበረኝ ንዴት በርዷል። ስሕተታቸው ስሕተት ነው፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። አማኝ ማለት የሚፈራና አንገቱን የሚደፋ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ካሜራቸው ፊት ለፊት የቆመችው ሴት ምን እያለች እንደነበር እነሱ ባያውቁ አይፈረድባቸውም። እኔ ልጇ ስሆን ያለቀሰችው በፀሐዩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እሑድ በኋላ እናቴ ልጅቷ የተቀበረችበትን ቦታ አሳየችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወደ ሰሜን በኩል፣ ቁጥቋጦ የሸፈናት ትንሽ የድንጋይ ክምር ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ በአጠገቧ እየሮጥኩ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባሁት። አሁን እዚያ ስደርስ ቆም እላለሁ። ምን ብዬ እንደምጠራት አላውቅም፤ እህቴ እላታለሁ።